የገናው ዲኮር መቼ ይውረድ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

ገና ካለፈ አራት አምስት ቀን ሲሆነው በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ዛፉ ይውረድ ወይስ ይቆይ? እናት "ሳሎኑ ጠበበኝ" ትላለች። አባት የመብራት ካርዱ ቶሎ አለቀ ይላል። ልጆች ደግሞ "ገና ነው! ገና ነው!" እያሉ ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ። እኛም ቤት በየዓመቱ እንዲሁ ነበር፤ አሁን ግን ቀርቷል። ምክንያቱም የሚወርድበትን ቀን የምንቆርጠው ዛፉን ያቆምን ዕለት ነው። ሲሰለቸን አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሁሉም ነገር ባንድ ቀን መውረድ የለበትም። እርጥብ ጥድ የራሱ ቀን አለው፣ መብራቱ የራሱ፣ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ኮከብ ደግሞ የራሱ። ይህን ከተስማማችሁ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል።

1. ካላንደሩን አውርዱና ቁጠሩ

ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11። በመካከላቸው 12 ቀን አለ። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት፣ ልደት ታኅሣሥ 28 ስለሚውል 13 ቀን ይሆናል። 2016 እንደዚያ ነበር፤ 2020ም እንደዚያ ነው።

ዛፉ ከውጭ የመጣ ልማድ ስለሆነ በኛ ሥርዓት "ዛፍ የሚወርደው በዚህ ቀን ነው" ተብሎ የተቆረጠ ነገር የለም። ፈረንጆቹ ግን አላቸው። ዲሴምበር 25 አክብረው ብዙዎቹ እስከ ጃንዋሪ 5 ወይም 6 ያወርዳሉ። እንግሊዞች ጋ ከዚያ ያሳለፈ ሰው ዕድሉ አይቀናም የሚል የቆየ አባባል አለ። ስዊድኖች እስከ ጃንዋሪ 13 ያቆያሉ፣ እስከ ፌብሯሪ 2 የሚያደርሱትም አሉ። ጃንዋሪ 6 የነሱ ኤጲፋንያ፣ የመገለጥ በዓል ነው። ከልደት እስከ ኤጲፋንያ ብትቆጥሩት 12 ቀን ይመጣል፤ ከኛ ልደት እስከ ጥምቀት ያለውም ያው ነው። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ ደውሎ "እስካሁን አላወረዳችሁም እንዴ?" ቢላችሁ አትደናገጡ። እሱ በሱ ቆጥሮ ነው፣ እናንተ በራሳችሁ ቁጠሩ።

ለኛ የሚመቹ ሁለት ቀኖች አሉ። አንደኛው ጥር 6፣ ግዝረት ነው። ከልደት ስምንተኛው ቀን ስለሆነ ከበዓሉ ጋር የተያያዘ ነው። ቤቱ ጠባብ የሆነበት፣ ወይም እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢመርጥ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ጥር 9 ነው፣ የከተራ ዋዜማ። የኔ ምርጫ ይህ ነው። ለምን ከተራ ዕለት አይሆንም? ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ይጾማል፤ ከሰዓት ታቦት ይወጣል፣ ነጭ ልብስ መተኮስ አለ፣ ጠላው አለ፣ ድፎው አለ። ታቦቱን ሊሸኝ ሰው ሁሉ ሲወጣ ቤት ቁጭ ብሎ ሽቦ መጠቅለል ያሳዝናል።

ቀኑን ስትመርጡ የሥራ ቀን መሆን አለመሆኑንም እዩ። በ2019 ለምሳሌ ጥምቀት ማክሰኞ ይውላል። ጥር 8 እና 9 ቅዳሜና እሑድ ናቸው ማለት ነው፣ ለማውረድ እንደዚያ የተመቸ የለም። ጥር 9 የሥራ ቀን በሆነበት ዓመት ከሱ በፊት ያለውን እሑድ ያዙ።

ኮምቦልቻ ከውጭ ዜጎች ጋር የሚሠሩ ሰዎች ዛፉን ቀደም አድርገው፣ ታኅሣሥ 16 አካባቢ ያቆማሉ። እነሱ ጥር 9 ሲደርስ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኗቸዋል። ለፕላስቲኩ ዛፍ ምንም አይደለም። ለእርጥቡ ግን በጭራሽ።

2. እርጥብ ጥድ ከሆነ ካላንደሩን እርሱት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የጥድ ቅርንጫፍ በገባ ቀን ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ባልዲው ላይ ለጥፉ። (ቅርንጫፍ ነው ያልኩት። ለአሥር ቀን ተብሎ ሙሉ ዛፍ አይቆረጥም፤ የሐበሻ ጥድ እንደዚያ የሚባክን ዛፍ አይደለም።) ባልዲው ውስጥ አሸዋ አድርጉ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ሰካ አድርጋችሁ ጠዋት ጠዋት ውሃ ጨምሩ። ደሴ ብርዱ ያግዛችኋል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ግን ሌላ አገር ነው፤ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ከተማ ናት፣ ሙቀቱም ያን ያህል ነው። ደሴ እህቴ ጋ እርጥብ ሆኖ የቆየው ጥድ ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ቀድሞ ይደርቃል። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን የተቆረጠ ሆኖ ሳለ።

እንዴት ታውቃላችሁ? እማዬ የምታደርገው እንዲህ ነው። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ትዘረጋለች። ከዚያ ቅርንጫፉን በመዳፏ ሦስት ጊዜ ቸብ ቸብ ታደርገዋለች። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ከወደቀ ገና ነው። ወረቀቱ ጤፍ የተበተነበት ከመሰለ አበቃ። ቀጥላ ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ታጥፈዋለች። እርጥቡ ይለመጣል፣ ደረቁ ቀጭ ይላል። ሽታውም ይናገራል። አዲስ ጥድ በር ስትከፍቱ ይቀበላችኋል፤ የደረቀው አፍንጫችሁን ብታስጠጉት እንኳ አቧራ አቧራ ነው የሚለው።

በየሁለት ቀኑ ይህን አድርጉ። ከደረቀ፣ ገና ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ይውጣ።

ይህን ያህል ጠበቅ የማደርገው ስለማውቀው ነው። እኛ ቤት ቡና ከጥዋት እስከ ማታ አይጠፋም፣ ወሎ ቤት ነው። አንድ ዓመት ጥር 3 ቀን ማታ ረከቦቱ ከዛፉ አንድ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ነበር። ሁለተኛው ጀበና ሊወርድ ሲል አንዲት የከሰል ፍንጣሪ ጧ ብላ ተፈናጠረችና ዛፉ ሥር በረዶ እንዲመስል ያነጠፍነው ጥጥ ላይ አረፈች። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ጥጡ ዙሪያውን ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ሰማያዊ ነበልባል በላዩ ላይ ሮጠ። እማዬ ለሲኒ ማጠቢያ የቀረበውን ውሃ ከነሳህኑ ደፋችበት። ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉት ቅጠሎች በተለበለቡበት በኩል ፀጉር የተቃጠለ ይመስል ነበር። ወረቀቱን ብንዘረጋ ኖሮ ጥዱ ከደረቀ ቆይቶ እንደነበር እናውቅ ነበር። ያን ማታውኑ ወጣ። ልጆቹ አለቀሱ፣ እኔም አልፈረድኩባቸውም፣ ግን ወጣ።

ጥድ ዘይት አለው፣ ሲደርቅ ባንዴ ነው የሚያያዘው። ስለዚህ እርጥብም ሆኖ ሳለ ከሰል፣ ዕጣን ማጨሻና ሻማ ሁለት ሜትር ይራቁት። ጥጡን ደግሞ ጨርሶ ተዉት። በምትኩ ነጭ ነጠላ ጠቅልላችሁ ባልዲውን ብታለብሱት ያምራል፤ እሱንም ቢሆን ቡና ሲፈላ አንሱት።

3. ቄጤማው ከሁሉም ቀድሞ ይጠረጋል

በሦስተኛው ቀን መጥረግ ነው። ደሴ እርጥበቱን ይዞ ይሻግታል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ደርቆ አቧራ ይሆናል። ለጥምቀት አዲስ ስለሚነጠፍ አታዝኑለት።

4. መብራቱን በእጃችሁ መርምሩት

ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶች ፕላስቲክ ዛፍ ላይ ከሆኑ እስከ ጥር 9 ይቆዩ። ግን ማታ ማታ አንድ ሰዓት ያህል ከበራ በኋላ ሶኬቱን ንኩት። ሞቅ ካለ፣ ማከፋፈያው ጠቆር ካለ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ቀን አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ንቀሉ። ማከፋፈያ ላይ ምጣድና የገና መብራት አብሮ አይሰካም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉት። እኔ ይህን የተማርኩት ኃይሉ ጨምሮ ተመልሶ ግማሹን አምፖል ባንድ ጊዜ ካቃጠለብኝ በኋላ ነው። ቴሌቪዥኑን ነቅዬ እሱን ረስቼው ነበር። ተኝታችሁም አይብራ።

መስኮት ላይ ስለሚሰቀለው መብራት ግን ሌላ የምለው አለኝ። መስኮት የናንተ ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩም ነው። አንድ ዓመት በጥር 6 አወረድነው። በማግሥቱ ፊት ለፊታችን ያሉት እማማ ከፈጅር ሰላት በኋላ በር ላይ አገኙኝና "ልጄ፣ ያቺን መብራት ምን ነካት? ሌሊት ስነሳ እሷን አይቼ ነበር መንገዱን የማውቀው፣ ወላሂ ሰፈሩ ጨለመብኝ" አሉኝ። "እማማ፣ አንቱ ካሉማ ትመለሳለች" ብዬ እስከ ጥምቀት መልሼ ሰቀልኩላቸው። ከዚያ ወዲህ የመስኮቱን ቀን ስንወስን እሳቸውንም እንጠይቃለን።

5. ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ

ይህ ለድርድር አይቀርብም። የጎረቤት ድንኳን ከተተከለ የመስኮቱና የበረንዳው መብራት በዚያው ሰዓት ይጥፋ። ሟች ክርስቲያን ይሁን እስላም ልዩነት የለውም። በአንድ ግቢ የምትኖሩ ከሆነ አጥፍታችሁ ብቻ አትተዉት፣ አውርዱት። ራቅ ያለ ከሆነ ዛፉ ሳሎን ውስጥ ሳይበራ ሊቆይ ይችላል። ልጆቹ ለምን ብለው ሲጠይቁ ንገሯቸው፣ ይገባቸዋል። የኔ እህት ልጅ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ሄዳ መጋረጃውን ራሷ ዘጋችው።

6. የሚያስቆይ ምክንያት አለ ወይ?

አንዳንዱ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ይተወዋል። እኔ አልስማማም። አቧራ ይጠጣል፣ ልጆቹም ማየት ይተዋሉ፣ በዓልነቱ ይጠፋል። አንድ ምክንያት ግን እቀበላለሁ። ሰው የሚጠበቅ ከሆነ። እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ቲኬቷ ተዛውሮ ለገና አልደረሰችም፤ የገባችው ጥር 15 ነው። እማዬ "ሳታየው አይወርድም" አለች። ፕላስቲክ ነበርና ቆየ። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ተቀብለናት፣ ሐረጎን ወጥተን ቤት ስንገባ ዛፉ በርቶ ነበር፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ፊቱ የቆመችው። እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ ካላንደሩን ተዉት።

7. ልጆቹን ሳትነግሩ አታውርዱ

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጥጉ ባዶ ሆኖ እንዳያገኙት። ከሦስት ቀን በፊት ንገሯቸው። የመጨረሻው ማታ ፈንዲሻ ይፈንዳ፣ የቤቱን መብራት አጥፉና የዛፉን ብቻ አብሩ፣ ቡና ይፈላ (ራቅ ብሎ!)። በማግስቱ እያንዳንዱ የሰቀለውን ራሱ ያውርድ። ኮከቡን ለትንሹ ስጡት፣ እስከ ጥምቀት አልጋው አጠገብ ይሰቅለዋል። እኛ ቤት ከዚህ ወዲህ ያለቀሰ የለም።

8. የማውረጃው ቀን

ደሴ ከሆናችሁ ጉሙ ገለጥ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ጀምሩ፣ ረፋድ ላይ። በርና መስኮት ክፈቱ፣ አቧራ አለው።

መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ይህ ነው፣ ልጆች እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት። ከዚያ የሚሰበሩት ኳሶች ይውረዱ። የእንቁላል ካርቶን ካላችሁ ለትናንሾቹ ኳሶች የተሠራ ነው የሚመስለው፣ አንድ አንድ እያላችሁ ደርድሩ። ቀጥሎ ብልጭልጩ ወረቀት ይውረድ፣ ከዚያ መብራቱ።

መብራቱ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጎትታችሁ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ከጨመራችሁት በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሰዓት ቋጠሮ ስትፈቱ ታመሻላችሁ። የማካሮኒ ካርቶን ክዳን ቁረጡ፣ ሁለቱን ጎን በመቀስ ሰንጠቅ አድርጉ። የሶኬቱን ጫፍ አንደኛው ስንጥቅ ላይ ሰክታችሁ ሽቦውን ሳታጠብቁ ዙሪያውን ጠምጥሙ፣ መጨረሻውን በሌላኛው ስንጥቅ አስይዙ። አንድ ሰው ይጠቅልል፣ አንዱ ደግሞ ከዛፉ ላይ እየፈታ ያቀብል። ስትጠቀልሉ ሽቦው የተላጠበት ቦታ ካያችሁ በስኮች አትሸፍኑት፣ ጣሉት።

ፕላስቲኩ ዛፍ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታጠፈው። ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ አጥፋችሁ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሦስት ቦታ እሰሩት፣ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። ሲባጎ አትጠቀሙ፣ ቅጠሉን ይቆርጠዋል።

እርጥብ የነበረው ጥድ ላይ የቀረ ሽቦና ብልጭልጭ አንድም ሳይቀር ይልቀም። ፕላስቲክ ያለበትን ማንደድ ጭሱ መጥፎ ነው። ከዚያ ግቢ ውስጥ ቆራርጡትና ለምጣድ ከጭራሮ ጋር ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ አንድዱት። ባንድ ጊዜ ብዙ ከጨመራችሁ እሳቱ ፊት ድረስ ይመጣል።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ስኮች ባንዴ ከተሳበ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ሙቅ ውሃ ነክራችሁ የጨመቃችሁትን ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ያዙበት፣ ከጥግ ጀምራችሁ ወደ ጎን፣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ሳቡ። ጭቃ ቤት ከሆነ ግን ውሃ አታስነኩት፣ ቀስ ብሎ በደረቁ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ በስፒል የተያዘውን በወንበር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ መንቀል እንጂ መጎተት የለም፤ ከተቀደደ ሙሉውን መቀየር ነው።

9. የት ይቀመጥ?

ደሴ የክረምቱን እርጥበት አስቡ። መሬት ላይና ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ ሐምሌና ነሐሴ ያሻግቱታል። ቁምሳጥን ላይ፣ ከግድግዳው አራት ጣት ራቅ አድርጋችሁ፣ ካርቶኑን በፌስታል ሸፍናችሁ አስቀምጡ። ኮምቦልቻ ተቃራኒው ነው። ቆርቆሮው ሥር ከሰቀላችሁት ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ኳሶቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አልጋ ሥር ይሻላል። ሁለቱም ጋ አይጥ አለና ፈንዲሻና ከረሜላ ካርቶኑ ውስጥ አለመቅረቱን እዩ።

የመጨረሻው፣ ካርቶኑን ሳትዘጉ አንድ ወረቀት ጻፉ። የወረደበት ቀን፣ ስንት አምፖል እንደተቃጠለ፣ ምን መግዛት እንዳለባችሁ፣ ጥዱ በስንት ቀኑ እንደደረቀ። የኛ ያምናው ወረቀት "ጥር 9፣ ሁለት ኳስ ተሰብሯል፣ ቀይ ሪባን የለም፣ የመስኮቱን መብራት እማማ ሳይጠየቁ እንዳታወርዱ" ይላል። ወረቀቱን ከላይ አድርጉትና ክዳኑን ዝጉ።